ትንሽ ግፊት፥ ብዙ ሥርዓት፦ ቀጥተኛው የአዮን ማፍጠኛ እንዴት ይነደፋል?

ስለ አቶም ጥናት ሲወራ በብዙዎቻችን አሳብ ቀድሞ የሚመጣው የጉልበት ነገር ነው። «ይህን ያህል ሚሊዮን ቮልት፤ ይህን ያህል ቢሊዮን ቮልት» ሲባል እንሰማለን፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን አድናቆታችንም ያድጋል። ነገር ግን አዮኖችን በቀጥተኛ መሥመር የሚያፈጥነውን መሣሪያ ቀርቦ የመረመረ ሰው፥ የሥራው ክብደት ያለው በጉልበቱ ላይ እንዳልሆነ ይገነዘባል። ግፊት መስጠት ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፥ በቢሊዮን የሚቈጠሩ አዮኖች ሳይበተኑ፥ እያንዳንዳቸው በተወሰነላቸው ቅጽበት በተወሰነላቸው ቦታ እንዲገኙ ማድረግ ነው። ስለዚህ የጽሑፋችን አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ የቀጥተኛ ማፍጠኛ ነዳፊ፥ ከግፊቱ ላይ እየቀነሰ ሥርዓትን የሚገዛ ሰው ነው። ይህንኑ ከ1924 ጀምሮ እስከ ዛሬ ከተሠሩት መሣሪያዎች ምሳሌ እየጠቀስን፥ በእርሳስና በወረቀት ልናሰላው በምንችለው መጠን፥ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ጥቂት ቃላት እንፍታ። አዮን ማለት ኤሌክትሮን የጐደለበት ወይም የተረፈው አቶም ነው፤ በዚህም ምክንያት በኤሌክትሪክ ሊገፋ ይችላል። ፕሮቶን ብቸኛ ኤሌክትሮኑን ያጣ የሃይድሮጂን አቶም ስለሆነ ከአዮኖች ሁሉ ቀላሉ እርሱ ነው። ኤሌክትሮን ቮልት ደግሞ የጉልበት መለኪያ ነው፤ አንድ ፕሮቶን በ1 ቮልት ልዩነት መካከል ሲያልፍ የሚያገኘው ጉልበት 1 ኤሌክትሮን ቮልት ይባላል። በአንድነት የሚጓዙትን አዮኖች «የአዮን ጅረት» እንላቸዋለን።

በሆስፒታል «ሊናክ» እየተባለ የሚጠራው የካንሰር ማከሚያ መሣሪያም ከዚሁ ቤተ ሰብ ነው፤ ነገር ግን እርሱ የሚያፈጥነው ኤሌክትሮንን ነው። ኤሌክትሮን እጅግ ቀላል በመሆኑ ገና ከመነሻው ወደ ብርሃን ፍጥነት ይቃረባል፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ እምብዛም አይለወጥም። አዮን ግን ከባድ ስለሆነ በመንገዱ ሁሉ ፍጥነቱ እያደገ ይሄዳል። ከዚህ በታች የምናነሣው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

1. አንዱን ቮልት ደጋግሞ መጠቀም

ለአንድ ፕሮቶን 1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ለመስጠት ግልጽ ሆኖ የሚታየው መንገድ 1 ሚሊዮን ቮልት ማዘጋጀት ነው። በ1932 በካምብሪጅ ኮክሮፍትና ዋልተን ከዚህ ባነሰ ቮልት ባፈጠኑት ፕሮቶን የሊቲየምን የአቶም እምብርት ሰንጥቀዋል። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ ሩቅ መሄድ አይቻልም፤ ቮልቱ ከፍ ባለ ቍጥር በአየሩና በመከለያው በኩል እንደ መብረቅ እየፈነጠቀ መውጫ ይፈልጋል።

ሌላውን መንገድ በ1924 ያመለከተው ጉስታፍ ኢሲንግ የተባለ የስዊድን ሊቅ ነው። አሳቡን በሥራ ያሳየው ግን ሮልፍ ቪደሮ የተባለ፥ በጀርመን አገር በአኽን ከተማ ለዶክተርነት ያጠና የነበረ የኖርዌይ ተማሪ ነው። ቪደሮ በመጀመሪያ ኤሌክትሮንን በክብ መንገድ የሚያፈጥን መሣሪያ ለመሥራት ሞክሮ አልሆነለትም። ከዚያ በኋላ ወደ ኢሲንግ አሳብ ዞረና በ1927 ርዝመቱ 88 ሳንቲ ሜትር በሆነ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ የፖታሲየምና የሶዲየም አዮኖችን አፈጠነ። በእጁ የነበረው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ 25 ሺህ ቮልት ብቻ ነበር፤ አዮኖቹ ግን የ50 ሺህ ቮልት ጉልበት ይዘው ወጡ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አዮኑ በመጀመሪያው ክፍተት ሲያልፍ 25 ሺህ ቮልት ገፋው፤ ወዲያውም ወደ አንድ የብረት ቱቦ ገባ። በብረት በተከበበ ቦታ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስክ አይዘልቅም። ስለዚህ አዮኑ በቱቦው ውስጥ ሲጓዝ የውጪው ቮልት አቅጣጫውን ቢለውጥ እንኳ አይነካውም። አዮኑ ከቱቦው በወጣ ጊዜ ቮልቱ ተገልብጦ ስለ ጠበቀው በሁለተኛው ክፍተት እንደገና ወደ ፊት ተገፋ። በፈረንጆቹ «ድሪፍት ቲዩብ» የሚባለውን ይህን ቱቦ እኛ «መጠለያ ቱቦ» እንለዋለን። አዮኑ ዝናብ ሲመጣ ከጣራ ሥር የሚጠጋ፥ ሲያባራ ወደሚቀጥለው ጣራ የሚሮጥ መንገደኛን ይመስላልና።

ሁለት ጊዜ የሆነ ነገር ሠላሳ ጊዜ ሊሆን ይችላል። የቪደሮን ጽሑፍ በ1929 በበርክሊ ያነበበው ኧርነስት ሎረንስ፥ ከዴቪድ ስሎን ጋር ሆኖ በ1931 42 ሺህ ቮልትን 30 ጊዜ በመጠቀም የሜርኩሪን አዮን እስከ 1.26 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አድርሶታል። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ሥራ አገኘ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ የሚገፋ ሰው እንደሚያውቀው፥ ትንሹ ግፊት የሚጠራቀመው በጊዜው ሲመጣ ብቻ ነው።

2. የቱቦውን ርዝመት ማስላት

አዮኑ በቱቦው ውስጥ የሚቈይበት ጊዜ፥ ቮልቱ አንድ ጊዜ ለመገልበጥ ከሚፈጅበት ጊዜ ጋር እኩል መሆን አለበት። ይህም የአንድ ዙር ግማሽ ነው። ስለዚህ፦

ርዝመት = ፍጥነት ÷ (2 × ድግግሞሽ)

ድግግሞሽ የምንለው ቮልቱ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ዙር እንደሚሄድ ነው፤ በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ዙር 1 ሜጋኸርትዝ ይባላል። ፍጥነቱን ለማግኘት ደግሞ፥ አዮኑ ከብርሃን ፍጥነት በጣም ርቆ እስካለ ድረስ፥ የሚከተለው ይበቃናል፦

ፍጥነት በሴኮንድ በኪሎ ሜትር = 13,800 × √(ጉልበት ÷ ክብደት)

ጉልበቱ በሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት፥ ክብደቱም የፕሮቶን ስንት እጥፍ እንደሆነ ይቈጠራል።

የቪደሮን መሣሪያ በዚህ እንፈትነው። የፖታሲየም አዮን ክብደቱ የፕሮቶን 39 እጥፍ ያህል ነው። 25 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ሲያገኝ ፍጥነቱ በሴኮንድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በ1 ሜጋኸርትዝ የግማሽ ዙር ጊዜ የሴኮንድ ግማሽ ሚሊዮንኛ ስለሆነ፥ ቱቦው 17.5 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ይህ በ88 ሳንቲ ሜትር መስተዋት ውስጥ በደኅና ይገባል። ሶዲየም ግን 23 እጥፍ ብቻ ስለሚከብድ ይፈጥናል፤ ለእርሱ 23 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ ለፖታሲየም በተቈረጠ ቱቦ ሶዲየምን ለማፍጠን የሚፈልግ ሰው ድግግሞሹን 1.3 ጊዜ ከፍ ማድረግ ይኖርበታል።

አሁን ፕሮቶንን እንሞክር። 1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፕሮቶን በሴኮንድ 13,800 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በ1 ሜጋኸርትዝ አንዱ ቱቦ ብቻ 6.9 ሜትር ይሆናል ማለት ነው! በ10 ሜጋኸርትዝ እንኳ 69 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጉልበቱ አራት እጥፍ ሲሆንም ርዝመቱ እጥፍ ይሆናል። በ1931 ከባዱ የሜርኩሪ አዮን የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ዝግተኛ ስለሆነ በአጭር ቱቦ ይስተናገዳል። ፕሮቶንን በቀጥታ መሥመር ለማፍጠን እጅግ ፈጣን ድግግሞሽ ያስፈልግ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ያን ያህል ድግግሞሽ በከፍተኛ ኃይል የሚያመነጭ መሣሪያ አልነበረም።

3. የመዳቡ በርሜል

መሣሪያው የተገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ለራዳር ተብለው የተሠሩት ማሠራጫዎች በ200 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ብርቱ ኃይል ይሰጡ ነበር። ይሁን እንጂ በዚህ ድግግሞሽ ቱቦዎቹን በሽቦ ማገናኘት አይጠቅምም፤ ሽቦው ራሱ እንደ ሬዲዮ አንቴና ሆኖ ኃይሉን ወደ አየር ይበትናል። ሉዊስ አልቫሬዝና የሥራ ጓደኞቹ በበርክሊ መጠለያ ቱቦዎቹን በአንድ ረጅም፥ ውስጡ መዳብ በሆነ በርሜል ውስጥ በመሥመር ሰቀሏቸው። በርሜሉ እንደ ክራር ነው፤ የክራር ጅማት በራሱ ቅኝት ሲነካ እንደሚያስተጋባ፥ ይህም በርሜል በቅኝቱ ልክ የሆነ ሞገድ ሲገባበት በውስጡ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ይቆማል።

በ1947 ሥራውን ያሳየው ይህ መሣሪያ ርዝመቱ 12 ሜትር፥ ቅኝቱ 202.56 ሜጋኸርትዝ ነበር። ከሌላ ማፍጠኛ 4 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያላቸውን ፕሮቶኖች ተቀብሎ በ32 ሚሊዮን ያስወጣ ነበር። በዚህ ዓይነቱ በርሜል መስኩ በክፍተቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያመለክት፥ ፕሮቶኑ ከአንዱ ክፍተት ወደ ሌላው ለመድረስ ግማሽ ሳይሆን አንድ ሙሉ ዙር ይፈጅበታል። እናስላው፦ በመግቢያው ላይ ከክፍተት እስከ ክፍተት 13.6 ሳንቲ ሜትር፥ በመውጫው ላይ 37.7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የነዳፊው የመጀመሪያ ሰንጠረዥ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ቱቦ ከቀደመው ጥቂት ይረዝማል፥ ርዝመቱም አስቀድሞ የታሰበውን የፍጥነት እድገት ይከተላል። ይህን የፍጥነት ሰንጠረዥ የማይጠብቅ አዮን በመሣሪያው ውስጥ ቦታ የለውም።

4. ቅጽበትን መምረጥ

አሁን «አዮኑ ወደ ክፍተቱ በየትኛው ቅጽበት ይድረስ?» የሚለውን ጥያቄ እናንሣ። በክፍተቱ ውስጥ ያለው መስክ ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ጫፍ ይወጣል፤ ከጫፍ ይወርዳል፤ ወደ ኋላ ይዞራል፤ እንደገና ይመለሳል።

በቅድሚያ፥ አዮኑ ክፍተቱን ለማቋረጥ ራሱ ጊዜ ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥም መስኩ ይለወጣል። የክፍተቱ ስፋት አዮኑ በአንድ ሙሉ ዙር ከሚሄደው ርቀት ሩብ ቢሆን ከግፊቱ 90 በመቶውን ያገኛል፤ ግማሽ ቢሆን ግን 64 በመቶውን ብቻ። ስለዚህ ክፍተቱን ማጥበብ ይጠቅማል። እጅግ ሲጠብ ደግሞ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ፍንጣቂ ይነሣል። በ1957 ኪልፓትሪክ ባወጣው ቀመር መሠረት፥ በ200 ሜጋኸርትዝ የመስኩ ደኅና ወሰን በሜትር 14.7 ሚሊዮን ቮልት ያህል ነው። ብረቱ በደንብ ሲጸዳና አየሩ በሚገባ ሲመጠጥ ይህን ወሰን ማለፍ ተችሏል፤ ቢሆንም ነዳፊዎች እስከ ዛሬ እንደ መነሻ ይጠቀሙበታል።

ስለ ቅጽበቱ ቶሎ የሚመጣልን መልስ «በጫፉ ላይ ይድረስ፤ ግፊቱ ከሁሉ የሚበልጠው ያን ጊዜ ነውና» የሚል ነው። ይህ መልስ ግን ጅረቱን ይበትነዋል። አዮኖቹ ሁሉ እኩል አይደርሱም፤ ጥቂት የሚቀድሙና ጥቂት የሚዘገዩ ይኖራሉ። የታሰበው ቅጽበት ጫፉ ላይ ከሆነ የዘገየው አዮን መስኩ መውረድ ሲጀምር ስለሚደርስ ያነሰ ግፊት ያገኛል፤ በሚቀጥለው ክፍተት የበለጠ ይዘገያል፤ በመጨረሻም ከሰልፉ ይወጣል።

መስኩ ገና በመውጣት ላይ ሳለ እንዲደርሱ ብናደርግ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዘገየው ከፍ ያለ መስክ ያገኝና ይደርስባቸዋል፤ የቀደመው ዝቅ ያለውን ያገኝና ይጠብቃቸዋል። ይህንን መርሕ ቬክስለር በ1944፥ ማክሚላን በ1945 ለክብ መሣሪያዎች አስረድተውታል፤ ለቀጥተኛውም ያገለግላል። በተለምዶ ነዳፊዎች ከጫፉ 30 ዲግሪ፥ ማለት የሙሉ ዙር አንድ ዐሥራ ሁለተኛ፥ አስቀድመው ያለውን ቅጽበት ይመርጣሉ። በዚያ ላይ ግፊቱ የጫፉ 86.6 በመቶ ነው። ከ100 ብር 13 ብር ከ40 ሳንቲም ከፍለን፥ ሰልፉን ራሱ የሚያስተካክል ሥርዓት ገዛን ማለት ነው።

5. በጐን መበተን

ይህ መድኃኒት ግን ሌላ በሽታ ያስከትላል። በክፍተቱ ውስጥ የመስኩ መሥመሮች ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ እንደ በርሜል ጐን ወደ ውጪ ይቈለመማሉ። በዚህ ምክንያት ከመሐል መሥመር ትንሽ የራቀ አዮን በክፍተቱ መግቢያ ላይ ወደ መሐል ይገፋል፤ በመውጫው ላይ ወደ ውጪ ይገፋል። መስኩ በመውጣት ላይ ስለሆነ የመውጫው ግፊት ከመግቢያው ይበልጣል። ስለዚህ አዮኖቹን በጕዞው አቅጣጫ የሚሰበስበው ያው ቅጽበት በጐን ይበትናቸዋል። ማክሚላን በ1950 እንዳስረዳው ይህ የአንድ መሣሪያ ጕድለት አይደለም፤ በክፍተቱ ውስጥ ሌላ ነገር እስካልገባ ድረስ ሁለቱን መሰብሰብ ባንድነት ማግኘት አይቻልም።

አልቫሬዝ በቱቦዎቹ አፍ ላይ የብረት ወንፊት በማድረግ የመሥመሮቹን ቅርጽ አስተካከለ። ይሁን እንጂ ወንፊት አዮኖችን ይውጣል፤ በየክፍተቱ ጥቂት ጥቂት ሲባክን በመጨረሻ ብዙ ይሆናል። የተሻለው መፍትሔ በ1952 መጣ። በብሩክሄቨን ኩራንት፥ ሊቪንግስተንና ስናይደር ባለ አራት ዋልታ ማግኔቶችን አፈራርቆ መደርደርን አሳዩ፤ አሳቡን ከእነርሱ አስቀድሞ በ1950 በአቴና የነበረው ክሪስቶፊሎስ ለብቻው ደርሶበት ነበር። ብሌዌት ደግሞ በዚያው በ1952 ማግኔቶቹ በመጠለያ ቱቦዎቹ ውስጥ እንዲቀመጡ አሳሰበ።

ባለ አራት ዋልታ ማግኔት ጅረቱን በአንድ ወገን፥ ለምሳሌ ከላይና ከታች፥ ይጨምቃል፤ ከግራና ከቀኝ ግን ያሰፋዋል። የሚቀጥለው ማግኔት ይህንኑ ገልብጦ ይሠራል። «መጭመቅና ማስፋት እኩል ከሆኑ ምን ጥቅም አለው?» ብለን ልንጠይቅ እንችላለን። መልሱ የማግኔቱ ግፊት ከመሐል በራቁ መጠን የሚበረታ መሆኑ ነው። አዮኑ በሚጨምቀው ማግኔት ሲያልፍ ከመሐል ርቆ ይገኛል፤ በሚያሰፋው ሲያልፍ ቀረብ ብሏል። ስለዚህ መጭመቁ ሁልጊዜ ይረታል።

6. የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች

ማግኔት የሚገፋው በአዮኑ ፍጥነት ልክ ነው፤ ዝግተኛ አዮን ደካማ ግፊት ያገኛል። ደግሞም አዮኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ሙል ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ይህ መገፋፋት የሚከፋው በዝግታ ሲጓዙ ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው ሁሉ አስቸጋሪው ክፍል አፉ ነው።

ለብዙ ዓመታት መፍትሔው አዮኖቹን በመጀመሪያ በ750 ሺህ ቮልት ገፍቶ ማስገባት ነበር፤ ለዚህም የቤት ያህል ትልቅ የሆነ የከፍተኛ ቮልት መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። በሶቪየት ኅብረት ካፕቺንስኪና ቴፕልያኮቭ በ1970 ያሳተሙት አሳብ ይህን ለወጠ። አራት የመዳብ ስለቶች በመሐሉ መንገድ ዙሪያ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ተለዋዋጩ ቮልት እንደ አራት ዋልታ ያደርጋቸዋል፤ ጅረቱንም በማግኔት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ይጨምቁታል። የኤሌክትሪክ ግፊት የአዮኑን ፍጥነት አይጠይቅም። ከዚህም በላይ የስለቶቹ ጠርዝ እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ እያለ ይቀረጻል፤ ይህ መወዛወዝ ወደ ፊት የሚገፋ ትንሽ መስክ ይፈጥራል። በ1980 በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ርዝመቱ 1.1 ሜትር የሆነ መሣሪያ ፕሮቶንን ከ100 ሺህ ወደ 640 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት አድርሶ አሳቡ ትክክል መሆኑን አስመሰከረ።

እዚህ ላይ የጽሑፋችን አሳብ ከሁሉ ጎልቶ ይታያል። በዚህ መሣሪያ የመጀመሪያ ክፍል ማፍጠን ከሞላ ጐደል የለም፤ ስለቶቹ አዮኖቹን በቀስታ በየቡድኑ መሰብሰብ ብቻ ይሠራሉ። ግፊቱ የሚጨምረው ሰልፉ ከተያዘ በኋላ ነው። ባለመቸኰሉም ከገቡት አዮኖች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ይዞ ሊወጣ ይችላል።

7. አንድ መሣሪያ ከዳር እስከ ዳር

የተናገርነውን ሁሉ ባንድነት ለማየት በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የሰርን ማዕከል ያለውን ሊናክ 4 እንውሰድ። ሥራው በ2008 ተጀመረ፤ በ2017 ተመረቀ፤ በ2020 ደግሞ ከ1978 እስከ 2018 ያገለገለውን ሊናክ 2ን ተክቶ ከሚቀጥለው ማፍጠኛ ጋር ተገናኘ። ርዝመቱ 86 ሜትር ነው።

አዮኖቹ በ45 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ከምንጩ ይወጣሉ። ባለ አራት ስለቱ መሣሪያ በ3 ሜትር ውስጥ ወደ 3 ሚሊዮን ያደርሳቸዋል። ቀጥሎ የአልቫሬዝ ዓይነት ሦስት በርሜሎች ወደ 50 ሚሊዮን፥ ሌሎች ሁለት ዓይነት የመዳብ ክፍሎችም በመጀመሪያ ወደ 100 ከዚያም ወደ 160 ሚሊዮን ከፍ ያደርጓቸዋል። ቅኝቱ ከዳር እስከ ዳር 352.2 ሜጋኸርትዝ ነው። አዮኑ በአንድ ሙሉ ዙር የሚሄደው ርቀት በመግቢያው ላይ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በመውጫው ላይ ፍጥነቱ የብርሃን 52 በመቶ ስለሚደርስ 44 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ዓይነት ክፍል ለመንገዱ ሁሉ ያልበቃው ስለዚህ ነው፤ ለዝግተኛው የሚስማማው ለፈጣኑ አባካኝ ይሆናል።

ሊናክ 4 የሚያፈጥነው ፕሮቶንን ሳይሆን ሁለት ኤሌክትሮን ያለውን የሃይድሮጂን አዮን ነው። ምክንያቱ ጥልቅ ነው። በክብ ማፍጠኛ ውስጥ በሚዞር ጅረት ላይ በዚያው ቦታ ተመሳሳይ አዲስ ጅረት መደረብ በተፈጥሮ ሕግ የማይቻል ነው። አዲሱ አዮን ተቃራኒ ሙል ይዞ መጥቶ በስስ የካርቦን ቅጠል ውስጥ ሲያልፍ ሁለቱን ኤሌክትሮኖች ቢያራግፍ ግን፥ ፕሮቶን ሆኖ ከነባሮቹ ጋር ይቀላቀላል።

የከባድ አዮኖችን ምሳሌ ደግሞ በጀርመን አገር በዳርምሽታት በ1975 ሥራ የጀመረውና 120 ሜትር የሆነው ዩኒላክ ይሰጠናል። እርሱ እስከ ዩራኒየም ድረስ ያሉትን አዮኖች ያፈጥናል፤ ከ1981 እስከ 1996 ከቍጥር 107 እስከ 112 ያሉት ንጥረ ነገሮች የተገኙት በእርሱ ነው። ዩራኒየም ከባድና ዝግተኛ ስለሆነ የመጀመሪያው ክፍል እስከ 1999 የቪደሮ ዓይነት ነበር፤ ድግግሞሹም 27 ሜጋኸርትዝ ያህል ነበር። በመንገዱ መካከል አዮኖቹ በጋዝ ውስጥ አልፈው ተጨማሪ ኤሌክትሮኖችን ያራግፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ያው ቮልት የበለጠ ይገፋቸዋል። ነገር ግን ሁሉም እኩል ስለማያራግፉ ለቀሪው መንገድ የሚስማሙት ከፊሎቹ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ይጣላሉ። ይህም ሌላ ክፍያ ነው።

8. ከወረቀት ወደ መዳብ

ስሌቱ ካለቀ በኋላ መሥራቱ ይመጣል። በመጀመሪያ የበርሜሉ ሞዴል ተሠርቶ በትንሽ ኃይል ይለካል። በመሐሉ በቀጭን ክር ላይ ትንሽ ዶቃ ትጐተታለች፤ ዶቃዋ በየደረሰችበት ቅኝቱ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ሲለካ፥ በዚያ ቦታ መስኩ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ በጐን የሚገቡ የመዳብ ውታፎችን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ በማድረግ መስኩ በክፍተቶቹ ሁሉ እንደ ታሰበው እስኪሆን ድረስ ይቃኛል።

ሙቀት የቅኝት ጠላት ነው። መዳብ በ1 ዲግሪ ሙቀት ከ100 ሺህ ክፍል 1.7 ያህል ያድጋል፤ ይህም በ352.2 ሜጋኸርትዝ ቅኝቱን 6 ሺህ ዙር ያህል ያወርደዋል። አንድ ጥሩ በርሜል፥ ለምሳሌ 40 ሺህ ጊዜ የሚያስተጋባ ቢሆን፥ የሚቀበለው የድግግሞሽ ስፋት 8,800 ዙር ብቻ ነው። ስለዚህ 1.5 ዲግሪ ያህል ቢሞቅ ከቅኝቱ ፈጽሞ ይወጣል። የማቀዝቀዣው ውሃ ሙቀት በዲግሪ ክፍልፋይ የሚጠበቀው ለዚህ ነው። የማግኔቶቹ መሐል ደግሞ ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ በማይበልጥ ስሕተት በአንድ መሥመር ላይ መዋል አለበት። አየሩም በሚገባ ይመጠጣል፤ ቀዳዳ መኖሩ ሂሊየም ጋዝ ከውጪ እየተነፋ ይፈተሻል። በመጨረሻ ኃይሉ በብዙ ቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ትንንሾቹ ፍንጣቂዎች የመዳቡን ገጽ እያቃጠሉ ያጸዱታል።

9. የጠጋኙ እጅ

እስካሁን «ጥቂት አዮን ቢባክን ምን ይሆናል?» የሚለውን በሚገባ አልጠየቅንም። በደካማ ጅረት ነገሩ የገንዘብ ነው፤ በብርቱ ጅረት ግን የሰው ጤና ነው። ከመንገዱ የወጣ ፈጣን ፕሮቶን የመሣሪያውን ግድግዳ ሲመታ የብረቱን የአቶም እምብርቶች ይለውጣል፤ ግድግዳው ራሱ ጨረር የሚያመነጭ ይሆናል። መሣሪያው ከቆመ በኋላም ጨረሩ ወዲያው አይጠፋም።

ስለዚህ ነዳፊዎች አንድ ወሰን አቁመዋል፦ በአንድ ሜትር ርዝመት ከ1 ዋት በላይ ጅረት እንዳይባክን። ይህ ወሰን ከተጠበቀ ማሽኑ ቆሞ ጥቂት ከቈየ በኋላ ሠራተኛ ቀርቦ በእጁ ሊጠግነው ይችላል። በአሜሪካ በኦክ ሪጅ በ2006 ሥራ የጀመረው ኒውትሮን ማመንጫ ቀጥተኛ ማፍጠኛው ከ300 ሜትር በላይ፥ የጅረቱም ኃይል ከ1 ሚሊዮን ዋት በላይ ነው። ከ1 ሚሊዮን ዋት በ300 ሜትር ውስጥ 300 ዋት ብቻ ይባክን ማለት፥ ከ10 ሺህ አዮን ሦስት ብቻ ማለት ነው። ይህን የሚያስገኝ ብርቱ ግፊት የለም። የሚያስገኘው ከአፉ ጀምሮ የተያዘ ሥርዓት ነው፤ በቀስታ የተሰበሰበው ቡድን፥ በ30 ዲግሪ የተከፈለው ክፍያ፥ በዐሥረኛ ሚሊ ሜትር የተቀመጠው ማግኔት፥ በዲግሪ ክፍልፋይ የተጠበቀው ውሃ።

ስለዚህ ስለ አንድ ማፍጠኛ በምናነብበት ጊዜ «ስንት ቮልት ነው?» ከማለት አልፈን አራት ጥያቄዎችን ብንጠይቅ ይበጃል እንላለን፦ አዮኑ ምን ያህል ይከብዳል? በየትኛው ቅጽበት ይገፋል? በጐን ማን ይይዘዋል? የባከነውስ የት ያርፋል? የመጨረሻውን ጥያቄ ከሁሉ እናስቀድመዋለን፤ መልሱ የሚነካው ነዳፊውን ሳይሆን ከዓመታት በኋላ መፍቻ ይዞ ወደ በርሜሉ የሚቀርበውን ሰው ነውና። በፊዚክስም ሆነ በምሕንድስና ክፍል ያለን ተማሪዎች ነገ የምንነድፈው ማንኛውም መሣሪያ እንዲህ ያለ ጠጋኝ ይኖረዋል።

ለልምምድ፦ የሜርኩሪ አዮን ክብደቱ የፕሮቶን 200 እጥፍ ያህል ነው። በ1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልትና በ10 ሜጋኸርትዝ የቪደሮ ዓይነት መጠለያ ቱቦው ምን ያህል ይረዝማል? ከላይ ባሉት ሁለት ቀመሮች ያሰላ ሰው 4.9 ሳንቲ ሜትር ያህል ያገኛል፤ ይህንንም ለፕሮቶን ካገኘነው 69 ሳንቲ ሜትር ጋር ያስተያየው።